ኔትወርኩ በጠፋ ሌሊት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ነጋሢ አይደለም፤ ስለ ዘመቻም አይደለም። ስለ ሞተር ነው። «ሞተር ደግሞ ምን ወግ አለው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ጉዱ ከፊት ነው።

አዲስ አበባን በሦስት በር ውጡልኝ። በጅማ መንገድ ወጥታችሁ አለም ገናን ስታልፉ ሰበታ ናት። በአምቦ መንገድ አስኮን ስትጨርሱ ቡራዩ፤ የገፈርሳ ውኃም እዚያው ማዶ ተኝቷል። በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ጋራ ተሻግራችሁ ስትወርዱ ደግሞ ሱሉልታ በብርዷ ትቀበላችኋለች። በወረቀት ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ የሚኒባስ ረዳቱ ግን አሁንም የሚጣራው በድሮ ስማቸው ነው። እኔም ከረዳቱ ጋር ነኝ።

እነዚህ ከተሞች ሌሊት አይተኙም። የዱቄት ፋብሪካው፣ የጨርቁ፣ የቢራው፣ የታሸገ ውኃው ሁሉ በፈረቃ ያድራል። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም የሚጀምረው ከሰበታ ነው፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ሎኮሞቲቩ ከራሱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይወስዳል፤ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ያለ መሣሪያ ያንን ኃይል አለዝቦ፣ ቀይሮ፣ ቆራርጦ ለሞተሮቹ በሚፈለገው ፍጥነት ያድላቸዋል። ያ መሣሪያ የዛሬው ባለታሪካችን የቅርብ ዘመድ ነው።

ባለታሪካችን ራሱ የሚኖረው በፋብሪካ ግድግዳ ላይ፣ በብረት ፓናል ውስጥ ነው። መጽሐፉ ድራይቭ ይለዋል፤ ኤሌክትሪሺያኖቻችን ኢንቨርተር ይሉታል። ሥራው እንዲህ ነው። የእኛ አገር የፋብሪካ መስመር 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አንድ ሞተር በቀጥታ ከዚህ መስመር ጋር ከታሰረ ፍጥነቱ አንድ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ በደቂቃ 1,450 ጊዜ ገደማ ይዞራሉ፣ ወይ ይቆማሉ። መካከል የለም። ኢንቨርተሩ ግን የገባለትን ኃይል መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ኃይል ይለውጠዋል፤ ከ500 ቮልት በላይ የሆነ ክምችት ይይዛል። ከዚያ ያንን ክምችት በኤሌክትሮኒክ መቀስ እየቆራረጠ የፈለጋችሁትን ኸርዝ ይሠራል። 25 ኸርዝ ስጡት፣ ሞተሩ በግማሽ ፍጥነት ይዞራል። 40 ስጡት፣ ይጨምራል።

«ስጡት» ስል ታዲያ ማን ነው ሰጪው? ድሮ ሰው ነበር። ዛሬ ፒኤልሲ የሚሉት ኮምፒውተር ነው፤ ትእዛዙም የሚሄደው በኔትወርክ ገመድ ነው። ይህ ኮምፒውተር የሠርግ ቤት የድግስ ኃላፊ ነው ብላችሁ አስቡት፤ እንጀራው ሳይቀርብ ወጥ እንዳይወጣ፣ ጠላው ሳያልቅ ሌላ ጋን እንዲከፈት፣ አስተናጋጅና አስተናጋጅ በር ላይ እንዳይጋጩ የሚያደርገው እሱ ነው። ድምፁ ድንገት ቢዘጋ እንጀራውም ወጡም ጠላውም አለ። የጠፋው የሚያናብባቸው ነው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። የፋብሪካ ኔትወርክና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በማግሥቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከጀርመን ወይም ከቻይና ሆኖ በኢንተርኔት ገብቶ ማሽን ማየት የለመደ ባለሙያ በዚያ ሰሞን የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። ፋብሪካ ውስጥ ከፒኤልሲው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ገመድ ግን ከኢንተርኔት ምንም አይፈልግም። ዓለም ቢዘጋም እሱ ይሠራል። እሱን የሚገድለው አይጥ ነው፣ እርጥበት ነው፣ የላላ ብሎን ነው፣ መብረቅ ነው።

መብረቅ ካልኩ ወደ ሌሊቱ ልግባ።

ይህ የምነግራችሁ ሌሊት የአንድ ፋብሪካ ታሪክ አይደለም፤ በሦስቱም ከተሞች ጥገና ክፍል ውስጥ ከሚወራው ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ስም አትጠይቁኝ፤ የሰዎቹንም አልነግራችሁም። ሱሉልታ ነው በሉ። የታሸገ ውኃ ነው በሉ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። መብረቅ አንዴ ጮኸ። መብራቱ ግን አልጠፋም፤ ብልጭ ብሎ ቆመ። የፈረቃው ኃላፊ ወጣት ኢንጂነር ናት፤ «ተመስገን» ብላ ሳትጨርስ ከፊቷ ያለው ስክሪን ላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ወደ ሰረዝ ተቀየሩ። የታንከሩ ከፍታ ሰረዝ። የፓምፑ ፍጥነት ሰረዝ። የመስመሩ ፍጥነት ሰረዝ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? መብረቁ የኔትወርኩ ገመዶች ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች የምትመግበውን ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ አቃጥሏታል። ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። ያንን ሁሉ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው 380 ቮልት ሙሉ በሙሉ አለ፤ ሳይነካ አለ። ትእዛዙ ነው የሌለው።

አሁን ኢንቨርተሮቹ ምን አደረጉ? እዚህ ላይ ነው የታሪኩ እንብርት። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አላደረጉም።

ኤቢቢ የሠራው ኤሲኤስ 550 የሚባል፣ በየፋብሪካው የምታገኙት ኢንቨርተር አለ። በውስጡ 3018 የሚል ቁጥር ያለው መሙያ አለ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ኔትወርኩ ዝም ቢል ምን ላድርግ?» መልሱ ከአራት አንዱ ነው። 0 ከተሞላ ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፈዋል። 1 ከሆነ ሞተሩን አቁሞ ፎልት 28 ይጽፋል። 2 ከሆነ አስቀድሞ ወደተወሰነለት ፍጥነት ይሄዳል። 3 ከሆነ በመጨረሻ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል። ቀጥሎ ያለው 3019 ደግሞ ዝምታው ስንት ሰከንድ ሲቆይ «ጠፍቷል» እንደሚባል ይወስናል። ሌሎቹም ሠሪዎች፣ ዳንፎስም ሲመንስም፣ ስሙና ቁጥሩ ይለይ እንጂ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ዝናብ፣ ሞተሩ መቆሙን ወይም መቀጠሉን የወሰነው እዚያ ከነበሩት ሰዎች አንዱም አይደለም። ከዓመታት በፊት ማሽኑን ሊተክል የመጣ፣ አውሮፕላኑ ሊያመልጠው የደረሰ አንድ ባለሙያ ነው፤ ቁልፍ ተጭኖ አንድ ቁጥር ሞልቶ ሄዷል። ወይም ደግሞ ጨርሶ ሳይነካው ሄዷል፤ ያኔ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው 0 ነው የሚገዛው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ ማንም ያልመረጠው መልስ።

እናላችሁ፣ የጠርሙስ ማመላለሻ ኮንቬየሮቹ ቀጥ አሉ። 1 ነበሩ። የጉድጓዱ ፓምፕም ቆመ። ውኃ ከመሬት ታንከር ወደ ላይኛው ታንከር የሚገፋው ፓምፕ ግን በ42 ኸርዝ እያፏጨ ቀጠለ፤ እሱ 3 ነበር። የላይኛው ታንከር ሞላ። ሴንሰሩ «ሞልቷል» ብሎ ለፒኤልሲው ተናገረ፤ ፒኤልሲውም «አቁም» ብሎ አዘዘ፤ ትእዛዙ ግን የሞተው ስዊች ጋ ደርሶ ቀረ። በዝናቡ መሐል ከዘበኛው ጎጆ አንድ ድምፅ መጣ፤

«ኧረ ታንከሩ እየፈሰሰ ነው! ከዝናቡ የበለጠ ውኃ ከናንተ እየወረደ ነው!»

ኢንጂነሯ ስልክ አንሥታ ጋሼን ቀሰቀሰች። ጋሼ ማለት አንጋፋው ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ ቤታቸው ከፋብሪካው አጥር ማዶ ነው። ሥራ የጀመሩት ስታር ዴልታ የሚሉት የሞተር ማስነሻ በነገሠበት ዘመን፣ አረንጓዴ ቁልፍ ለማስነሣት፣ ቀይ ቁልፍ ለማቆም፣ ጆሮ ደግሞ ለመቆጣጠር በነበረበት ዘመን ነው።

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ ሞቷል፤ ሁሉም ነገር ከእጄ ወጥቷል» አለች።

«መብራት አለ?»

«አለ።»

«መብራት ካለ ከእጅሽ አልወጣም፣ ልጄ። ማንም ሰው ምንም እንዳያስነሣ። ሺሪንኩን እዪ። መጣሁ።»

ሺሪንክ ምን እንደሆነ ላላወቀ ልንገር። ጠርሙሶች በስድስት በስድስት ተሰብስበው ፕላስቲክ ይጠቀለልባቸዋል፤ ከዚያ በቀበቶ ላይ ሆነው በጋለ የብረት ዋሻ ውስጥ ያልፋሉ፤ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ እሽግ ይሆናል። ቀበቶው እስከሄደ ድረስ ደህና ነው። ቀበቶው ቆሞ ማሞቂያው ከቀጠለ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጠርሙሱ ይሟሽሻል፤ ከባሰም ጭስና እሳት ነው። ኢንጂነሯ ስትደርስ ቀበቶው ቆሟል፤ ማሞቂያው በርቷል፤ ሽታው ጀምሯል። የማሞቂያውን ብሬከር ጣለችው። ጎበዝ! ግን የብረት ዋሻ ብሬከር ስለወረደ ወዲያው አይቀዘቅዝም። ውስጡ ያሉት እሽጎች መውጣት አለባቸው።

አንዱ ጎረምሳ ኦፕሬተር ወደ ፓናሉ ሮጠ። የቀበቶውን ኢንቨርተር አገኘ፤ ሊጫነው እጁን ሲዘረጋ ጋሼ ዝናቡን ከኮታቸው እያራገፉ በሩ ላይ ደረሱ።

«አንተ! የት ነው የምትወስዳቸው?»

«ላወጣቸው ነዋ ጋሼ፤ እየቀለጡ ነው!»

«ወደ የት? የውጪው ጠረጴዛ ቆሟል እኮ። ገፍተህ እዚያው አፉ ላይ ልትከምራቸው ነው?»

ፒኤልሲው ደህና በነበረበት ጊዜ ይህንን ማንም አያስበውም፤ ኮምፒውተሩ ፊተኛው ካልሄደ ኋለኛውን አያስነሣም። በእጅ ሲሆን ግን ያ ጥበቃ የለም። ኢንቨርተር የታዘዘውን ያደርጋል እንጂ ከጎኑ ያለው ጓደኛው ቆሞ ይሁን ሄዶ አያውቅም። ስለዚህ ከጫፍ ነው የሚጀመረው፤ ዕቃው ከሚወጣበት ወደሚገባበት። መጀመሪያ የውጪው ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ የዋሻው ቀበቶ፣ መጨረሻ ከዋሻው በፊት ያለው። ስታቆሙ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የቡራዩ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥም ሕጉ ይኸው ነው፤ ማውጫው ሳይዞር ማስገቢያውን ያስነሣ ሰው ስንዴውን ከኤሌቬተሩ ውስጥ በእጁ ሲዝቅ ያድራል።

ጋሼ ጎረምሳውን ፓናሉ ጋ አቆሙት፤ ኢንጂነሯን ቀበቶው ጋ። «አንዱ ቁልፍ ላይ፣ አንዱ ማሽን ላይ። የምትሰማው የሷን ድምፅ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢጮኽ አትስማ» አሉት።

ኢንቨርተሩ ፊት ላይ ትንሽ ኪፓድ አለች። «ሎካል–ሪሞት» የሚል ቁልፍ አላት፤ አንዴ ሲጫኗት ኢንቨርተሩ ከኔትወርኩ ጆሮውን ነቅሎ ቆሞ ያለውን ሰው ብቻ ይሰማል። የዳንፎሱ ላይ «ሃንድ»፣ «ኦፍ»፣ «አውቶ» ተብሎ ተጽፏል፤ ነገሩ አንድ ነው። ጎረምሳው ሎካል አደረገ። ፎልቱን ሪሴት አደረገ። ፍጥነቱን መጀመሪያ ወደ ዜሮ አወረደ፤ ጋሼ ሳያዩ አላለፉትም። ከዚያ አረንጓዴውን ተጫነ፤ ወደ ላይ ቀስቱን ይዞ 5... 8... 12 ኸርዝ አለ። የውጪው ጠረጴዛ እያቃሰተ ተነሣ። ቀጥሎ ቀበቶው። የተሟሸሹት እሽጎች አንድ በአንድ እየተንገዳገዱ ወጡ። ፕላስቲካቸው ጠቁሯል፤ ቢሆንም ወጥተዋል።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ግን ያ ባለ 42 ኸርዝ ፓምፕ አሁንም እያፏጨ ነው። ጋሼ ራሳቸው ሄደው ሎካል አድርገው ቀዩን ተጫኑት። ለምን ቀድመው አላቆሙትም የሚል ይኖራል። የፈሰሰ ውኃ ሰው አያቃጥልም፤ ሺሪንክ ያቃጥላል። ቅደም ተከተል ማለት ይኼ ነው። ሲደርሱበት ደግሞ የመሬቱ ታንከር ወደ ታች ወርዷል፤ ትንሽ ቢቆዩ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምር ነበር፤ በደረቁ የዞረ ፓምፕ ማኅተሙን ይበላል።

እስቲ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። ይህ ነገር የኛ ብቻ ችግር መስሏችሁ እንዳታዝኑ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2006 በአሜሪካ አላባማ፣ ብራውንስ ፌሪ በሚባል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ፣ የሦስተኛው ሪአክተር ሁለት ታላላቅ ፓምፖች ድንገት ቆሙ። የፓምፖቹን ኢንቨርተሮች የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች በኔትወርኩ ላይ በጎረፈ ከልክ ያለፈ ወሬ ተደናግጠው ነው መልስ መስጠት ያቆሙት። ማንም አልሰበራቸውም። ወሬ በዛባቸው። ኦፕሬተሮቹ ሪአክተሩን በእጃቸው አጠፉት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ስታክስኔት የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ሲታወቅ ደግሞ ዒላማው የኢራንን ሴንትሪፊዩጆች የሚያዞሩ ኢንቨርተሮች ሆነው ተገኙ፤ ፍጥነታቸውን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ለኦፕሬተሮቹ ግን «ሁሉም ደህና ነው» እያለ ያሳይ ነበር። ይህኛው ከጠፋ ኔትወርክ የባሰ ነው፤ ዝም ያለ ኔትወርክ ቢያንስ አይዋሽም።

ዩክሬንን ደግሞ ስሙ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ሰርጎ ገቦች የሦስት የመብራት አከፋፋይ ድርጅቶችን ኮምፒውተር ያዙ። ኦፕሬተሮቹ ዓይናቸው እያየ የማውሱ ቀስት በራሱ እየሄደ ብሬከር ይከፍታል። 225 ሺህ ያህል ደንበኛ ጨለመበት። ታዲያ በሰዓታት ውስጥ እንዴት መለሱት? ሠራተኞቹ መኪና ውስጥ ገብተው ወደየሰብስቴሽኑ ሄደው ብሬከሩን በእጃቸው ዘጉ። ማድረግ የቻሉት መሣሪያው በእጅም የሚሠራ ስለነበረ፣ ሰዉም ስላልረሳው ነው።

የኔ ተወዳጅ ግን የኖርዌዩ ነው። መጋቢት 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማለትም የእኛ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀ በዘጠነኛው ቀን፣ ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ግዙፍ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኮምፒውተሮቹ ተቆለፉበት። ያኔ በ40 አገሮች 35 ሺህ ሠራተኛ የነበረው ድርጅት ነው። ቆላፊዎቹ ቤዛ ጠየቁ፤ እሱ አንዲት ሳንቲም አልከፍልም አለ። ፋብሪካዎቹ ወደ እጅ ሥራ ተመለሱ፤ ትእዛዙ በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ያኔ የድሮውን አሠራር የሚያውቁ ጡረተኞች ተመልሰው መጥተው አገዙ። የእኛም ጋሼ ይህንን ወሬ ሲሰሙ «እነሱስ ጡረተኛቸውን ያውቁታል» አሉ ይባላል።

ወደ ሱሉልታ ልመልሳችሁ።

እሳቱ ቀርቷል፤ ፍሳሹ ቆሟል። ኢንጂነሯ «ታዲያ በእጅ ከሠራን ማምረትም እንቀጥል?» አለች። ጠዋት የሚጭን መኪና አለባት። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠርሙስ መሙያው ማሽን አይነካም።»

«ለምን? ኢንቨርተሩ እንደሌሎቹ ነው።»

«ሞተሩማ ይዞራል። ውኃውን የሚያጠራው ኦዞን በልኩ መግባቱን ማን ያይልኛል? እሱን የሚመጥነው ፒኤልሲው ነበር። የማላውቀውን ውኃ ለሰው ልጅ አላጠጣም።»

እዚህ ላይ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። በእጅ መሥራት ማለት ያለ ኔትወርክ ሙሉ ምርት ማውጣት አይደለም። መዳን ያለበትን ማዳን፣ መቆም የሌለበትን ማስቀጠል ነው። የቢራ ፋብሪካ ከሆነ የመፍያው ጋን ማቀዝቀዣ ፓምፕ መሄድ አለበት፤ ጠርሙሱ ይጠብቃል። ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ እቶኑ ነው። ከሱሉልታ አልፎ በደርባና በሙገር በኩል ያሉት ፋብሪካዎች ዓይነት እቶን፣ ክሊንከር የሚሉት የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ እስከ 1,450 ዲግሪ የሚጋገርበት ረጅም የብረት በርሜል ነው፤ ግሎ ሳለ ዝም ብሎ ከቆመ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ዝናብ ከላዩ ከወረደበት ደግሞ የባሰ ነው። ለዚህ ነው በየእቶኑ አጠገብ አንድ ትንሽ ረዳት ሞተር የሚቀመጠው፤ ዋናው ሲሞት እየቆየ ጥቂት ጥቂት ያዞረዋል። ከቶን ሲሚንቶ በፊት የእቶኑ ወገብ።

ስለዚህ እዚያ ሌሊት የቀረው አንድ ሥራ ነበር፤ የመሬቱን ታንከር መሙላት። የጉድጓዱን ፓምፕ በእጅ ማስነሣት። ጎረምሳው አሁን ልቡ ሞልቷል። ሎካል፣ አረንጓዴ፣ 20 ኸርዝ። ጠበቀ። ቱቦው ውስጥ ምንም የለም። አምፔሩ ዝቅ ብሎ ቆሟል።

«ቀስ ብዬ ልጀምር ብዬ ነው፤ እንዳይጎዳ።»

«ለኮንቬየር ቀስ ማለት ደግ ነው፤ ለጉድጓድ ፓምፕ ግን መግደያው ነው» አሉ ጋሼ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ውኃ የማንሣት ጉልበቱ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። የሚበላው ኃይል ደግሞ ወደ ስምንተኛ። በ20 ኸርዝ ያ ፓምፕ ከጉድጓዱ ሥር ሆኖ ያችኑ ውኃ ያማስላታል እንጂ አይገፋትም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ሽቅብ የሚያልፈው ውኃ ነውና ቆይቶ ይግላል። ስለዚህ ቶሎ ከ30 በላይ ይወጣል። ጎረምሳው ቀስቱን ተጫነ። 35 ላይ ቱቦው ተንቀጠቀጠ፤ 40 ላይ ውኃው ታንከሩ ውስጥ ሲወርድ ተሰማ።

«እስከ 50 ላድርሰው?»

«እዚሁ ይብቃህ። አገሩን አትርሳ።»

አገሩን አትርሳ ያሉት ለምን ይመስላችኋል? ኢንቨርተር ራሱን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። የሠሪው መጽሐፍ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ሙሉ ጉልበቱን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀንስበታል። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፤ ከአቅሙ 17 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። ሰበታ ዝቅ ስለምትል 13 ገደማ ላይ ትተርፋለች። ፒኤልሲው በደህናው ጊዜ ይህን ገደብ ጠብቆ ያዛል፤ በኪፓድ የሚሠራ ሰው ግን በጭንቅላቱ መያዝ አለበት። ሯጮች ሳንባቸውን የሚፈትኑበት ስስ አየር ለኢንቨርተርም ስስ ነው።

ጎረምሳውን እዚያው አስቀምጠውት፣ ታንከሩ ሲሞላ የሚጮኽለትን ዘበኛ ውጪ አቁመው፣ ጋሼና ኢንጂነሯ ወደ ስዊቹ ሄዱ፤ የተቃጠለችውን ፓወር ሰፕላይም አገኟት። ስቶር ውስጥ መለዋወጫ የለም። (መቼ ኖሮ ያውቃል?) ከአንድ ከአገልግሎት የወጣ ማሽን ፓናል ውስጥ ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ አገኙ። ኢንጂነሯ ብሬከሩን ጥላ ወዲያው እጇን ልታስገባ ስትል እጇን ያዙት፤ ፓናሉ ውስጥ አሮጌ ኢንቨርተር አለ። ኢንቨርተር ከጠፋም በኋላ ያ ከ500 ቮልት በላይ ያልኳችሁ ክምችት ሆዱ ውስጥ ይቆያል፤ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ በሜትር ይለካል። ዝናቡን እያዳመጡ ጠበቁ። ለኩ። ፈቱ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስዊቹ ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ሰረዞቹ ወደ ቁጥር ተመለሱ። ጎረምሳው ደስ ብሎት ወደ ኪፓዱ ዘለለ፤ ሪሞት ሊያደርግ።

«ቆይ! ማን ምን እንዳዘዘው ሳታውቅ ልታስረክበው ነው?»

ስንቱ ፋብሪካ የሚጎዳው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ኔትወርኩ ላይ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው፤ ፒኤልሲው ሌሊቱን ያየው የተሳሳተ ዓለም ነው። ሪሞት የተባለ ኢንቨርተር ከ15 ኸርዝ ተነሥቶ ፒኤልሲው ወደሚያስበው 48 ሊፈተለክ ይችላል፤ ቀበቶው ላይ የሰው እጅ ቢኖርም አይጠይቅም። ኢንጂነሯ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሁሉንም ትእዛዝ ዜሮ አደረገች። ከዚያ አንድ ሞተር በእጅ ቆመ፣ ሪሞት ተደረገ፣ ከስክሪኑ ታዘዘ፣ ታየ። ከዚያ ሁለተኛው። ጠርሙስ መሙያው መጨረሻ፤ ኦዞኑ ተለክቶ፣ የመጀመሪያው ውኃ ተደፍቶ። መኪናው አርፍዶ ጫነ፤ ሹፌሩ ተሳደበ፤ ሄደ።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ መጣ። የተቃጠለውን እሽግ አየ፤ የፈሰሰውን ውኃ ሰማ። ጋሼ ግን ስለ ሌሊቱ ብዙ አላወሩትም። ደብተር ይዘው ከፓናል ፓናል እየዞሩ 3018ን እያነበቡ ጻፉ። አንዱ 1፤ አንዱ 3፤ አንዱ 0፤ ሌላው 0። ማንም ያላሰበበት ዝርዝር። የላይኛውን ታንከር ፓምፕ ያለ ክርክር 1 አደረጉት። ሺሪንኩ ላይ ግን ጋሼና ኢንጂነሯ ተከራከሩ። 3 ይሁን ቢባል የውጪው ጠረጴዛ ሲቆም እሽጉ ይከመራል። 1 ይሁን ቢባል ቀበቶው ቆሞ ማሞቂያው ያቃጥላል።

መላውን ያመጣችው ኢንጂነሯ ናት። ኢንቨርተሩ ውስጥ «እየዞርኩ ነው» የሚል ትንሽ ሪሌይ አለ። ከእሱ ሁለት ቀጭን ሽቦ እስከ ማሞቂያው ኮንታክተር ዘረጋች። ቀበቶው ሲቆም ማሞቂያው በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ፒኤልሲ አይጠየቅም፣ ኔትወርክ አይጠየቅም። ዋሻው ውስጥ የቀረውን ለማውጣት ደግሞ ኪፓዱ አጠገብ ቅደም ተከተሉ በትልልቁ ተጽፎ ተለጠፈ።

«ሠርቷል ብላችሁ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እሑድ ኔትወርኩን ሆን ብለን እንነቅለዋለን፤ ያኔ እናያለን» አሉ ጋሼ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ጠቆረ፤ ምርት ይቆማል አለ። ግማሽ ሰዓት ፈቀደ። እሑድ ጠዋት ገመዱን ነቀሉት። ማሞቂያው እንደታሰበው ቀጥ ብሎ ጠፋ። ጎረምሳው የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያይ ወደ ቀበቶው ኪፓድ ሮጦ አረንጓዴውን ተጫነ፤ የውጪውን ጠረጴዛ ረስቶታል። ሁለት እሽግ ተገፍቶ መሬት ላይ ተፈረከሰ።

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። «ሃያ ደቂቃ አለን። ድገመው» አሉት።